የኋላ ቀኝ እግር

የእህቴ መኪና ዘይት የምታፈሰው ከኋላ ቀኝ እግሯ ነበር። ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ሞተሯ እንደ ሰዓት ይሠራል። መኪናዋ ከእኔ በሁለት ዓመት ታንሳለች፤ እኔ ሰባ ልደፍን ነው። ከሁለታችን የትኛችን የበለጠ እንደምናፈስ አልናገርም።

የኋላ ጎማዎቹን በሚያዞረው አክስል ውስጥ ያለው ዘይት ጫፉ ላይ ባለ የጎሚኒ ቀለበት ታግዶ መቆየት አለበት። ጎሚኒውን ካለፈ የጎማው ታምቡር ውስጥ ይገባል፤ ታምቡር ውስጥ ደግሞ የፍሬን ሸራ አለ። ዘይት የጠጣ ሸራ አይይዝም። ሜዳ ላይ የያዘ ይመስላል። እውነቱ የሚወጣው ቁልቁለት ላይ ነው።

እህቴ የምትሄደው ደግሞ ቁልቁለት ነበር።

በሰባ አራት ዓመቷ፣ የኖረችበትን ቤት ዓርብ ለሚገባ አዲስ ተከራይ አስረክባ፣ ታች ሞቃቱ ከተማ ልጅዋ ዘንድ ልትኖር ተነሥታለች። ልጅዋ መንታ ወልዳ እጅ አጥሯታል። መንገዱ ግማሽ ቀን ሙሉ ወደ ታች ነው።

«አውቶቡስ አለ» አልኳት።

«አውቶቡስ ለሚመለስ ሰው ነው። እኔ ልኖር ነው የምሄደው። መኪናዬ ካልሄደች አልሄድም።»

ይህን ያለችው በራሷ አፍ ነው። ያኔ ልብ አላልኩትም።

እኔ ሚስት አላገባሁም። ጋራዥ አለኝ፤ ከጋራዡ ጀርባ አንዲት ክፍል አለች፤ እዚያ አድራለሁ። የእህቴ ባል ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ምሳዬን የምበላው እሷ ቤት ነው። አንድ ቀን ከዘገየሁ «ሞተሃል ወይስ ኮርተሃል?» ብላ ትደውላለች።

በሥራዬ አንድ ሕግ አለኝ። ዘይት የሚያፈስ መኪና ከሠራሁ በኋላ አክስሉ እስኪሞቅ እነዳዋለሁ። ከዚያ ጋራዥ ውስጥ አቁሜ ከሥሩ ካርቶን አነጥፋለሁ። ጠዋት ካርቶኑን አያለሁ። ጠብታ ካለበት ለባለቤቱ ቁልፍ አልሰጥም። ሦስት ጠዋት ንጹሕ ሆኖ ካደረ እሰጣለሁ። ከአጠገቤ የሚሠራው ጎሚስታ ይህን «የካርቶን ችሎት» ይለዋል። እጁ ጎማ ሲለጥፍ አፉ ሰው ሲለጥፍ የሚውል ሰው ነው። ባለመኪና ሲመጣ «ዳኛው ገና አልተሰየሙም፤ ተቀመጥ» ይላል።

የእህቴን መኪና መጀመሪያ ጎሚኒዋን ቀየርኩ። ጠዋት ሁለት ጠብታ።

የአክስሉን ዘንግ አወጣሁት። ጎሚኒው የሚያርፍበት ቦታ ከዘመን ብዛት ተበልቶ ቦይ ሠርቷል፤ ጥፍር ሲያልፍበት ይታወቃል። ቶርኖ ቤት ወስጄ ቀጭን ቀለበት አስገባሁበት። አዲስ ጎሚኒ ገጠምኩ፤ ከንፈሩን በዘይት አርሼ፣ ዙሪያውን በእንጨት መዶሻ እኩል እየመታሁ። ጠዋት አራት ጠብታ። ዘይቱ በዝቶ እንደሆነ ብዬ እስከ መሙያው አፍ ብቻ አስቀረሁት። ጠዋት አራት ጠብታ።

ያን ሰሞን መቀመጥ አቃተኝ። ጋራዡን እጠርጋለሁ፤ የጠረግሁትን መልሼ እጠርጋለሁ። ቁልፎቼን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደረደርኩ፤ አልጥም ሲለኝ ከትንሽ ወደ ትልቅ። ምሳ ስበላ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር አያርፍም።

«እግርህን አሳርፈው፤ ጠረጴዛው ተነሥቶ ሊሄድ ነው» ትለኛለች።

ቤቷ በየቀኑ አንድ ነገር ይጎድለዋል። አንድ ቀን መጋረጃው። ሌላ ቀን የግድግዳው ሰዓት። ፎቶ የተሰቀለበት ቦታ ከሌላው ግድግዳ ነጥቶ ቀርቷል። ሳህኖቹ በጋዜጣ ተጠቅልለው ሣጥን ገብተዋል፤ የኔ ሳህን ብቻ መደርደሪያው ላይ አለ። ሳየው አየችኝ።

«እሱ ላንተ ነው። ስሄድ ትወስደዋለህ።»

እኔ ሳህን ምን አደርግበታለሁ?

ሰኞ ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ረጅም መንገድ ነድቼ እንደ ሞቀች አቆምኳት። ባትሪ ይዤ ከሥሯ ገባሁ። ጎሚኒውን አየሁ፤ ማሰሪያዎቹን አየሁ። ከዚያ ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ እጄን ወደ አክስሉ አናት ሰደድኩ።

እያንዳንዱ አክስል አናቱ ላይ መተንፈሻ አለው። የክብሪት እንጨት የምታስገባ ቀዳዳ ናት። አክስል ሲሽከረከር ይሞቃል፤ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ያብጣል፤ በዚያች ቀዳዳ ይወጣል። ይህን ማንም መካኒክ ያውቃል። እኔ ያላየሁበት ምክንያት የሚያሳፍር ነው። የእህቴ ባል የነካውን አልመረምርም ነበር። የእጅ ሥራ መምህር ነበር፤ እጁ ንጹሕ። በመጨረሻው ዓመቱ ያንን አክስል ጥቁር ቀለም ቀብቶታል፤ የብሩሽ መስመር አይታይበትም። የመኪና ሆድ ማን ያየዋል? እሱ ግን ቀባው። እንዲህ የተሠራ ነገር ላይ እጄን ማሳረፍ ድፍረት ይመስለኝ ነበር።

ቀዳዳዋ መኖር ያለባት ቦታ ላይ ጣቴ ለስላሳ እብጠት አገኘ። በካቻቢቴ ጫፍ ጫርኩት። ከቀለሙ ሥር ቀልጦ የደረቀ እርሳስ ነበር።

ገባኝ። በመተንፈሻው ዙሪያ ሁልጊዜ ትንሽ ዘይት ያላብና አቧራ ይይዛል። የእህቴ ባል ይህን አይቶ ዘይት ያፈሰሰች መሰለው። በቀለጠ እርሳስ ደፈነው፤ አለሰለሰው፤ ቀባው። ፍሳሽ ያቆመ መስሎት ፍሳሽ ጀመረ። የሰውን አፍንጫ ደፍኖ ለምን ላብህ በዛ እንደማለት ነው። አየሩ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን እየገፋ በጎሚኒው በኩል ያስወጣል። እሱ ከሞተ ወዲህ መኪናዋ ከገበያ አልፋ ስለማታውቅ አትሞቅም ነበር። እህቴ ለመንገዱ ትለማመድ ብላ ከከተማ ውጭ መንዳት ስትጀምር ነገሩ ተገለጠ።

እርሳሱን ፈልቅቄ አወጣሁት። ፍስስ አለ። የዘይት ሽታ ያለው ሙቅ አየር ፊቴን መታኝ፤ እስኪያልቅ ጠበቅሁ።

መደሰት ነበረብኝ። ሦስት ሳምንት ያስጨነቀኝን ነገር አገኘሁት። ግን እንደ ተንጋለልኩ ቀረሁ።

ጎሚስታው መጥቶ እግሬን በጫማው ነካ አደረገው።

«ዳኛው፣ በሕይወት አሉ ወይስ ችሎቱ ተዘጋ?»

«አለሁ።»

«አገኟት?»

«አላገኘኋትም» አልኩ።

ለምን እንዳልኩ ሳላውቅ ነው ያልኩት። እርሳሱን ኪሴ ከተትኩ።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ካርቶኑን አየሁ። የብስኩት ካርቶን ነበር። አንድም ነገር የለበትም። ወደ ውጭ ወጣሁ፤ ተመለስኩ። ደግሜ አየሁት። በዚያ መሀል የእህቴ ኮቴ ከመንገዱ ተሰማኝ፤ ተረከዟን መሬት ላይ እንደ መዶሻ የምታሳርፍ ሴት ናት። እጄ ቀደመኝ። ጣቴን ዘይት ጣሳ ውስጥ ነክሬ ካርቶኑ ላይ ሦስት ጊዜ አንጠባጠብኩ። ጣቴን ጠረግሁ።

«እንዴት አደርክ፣ አንተ ልጅ?»

«ደህና። እትዬ፣ ገና ናት።»

ጎንበስ ብላ ቆጠረች። «ሦስት። ትናንት አራት አልነበረም? እየተሻላት ነው።»

«ፍሬን ላይ መሻል የሚባል ነገር የለም።»

«አንተንስ ይሻልህ ይሆን? ዓይንህ ጉድጓድ ገብቷል።» ወገቧን ይዛ ቀና አለች። «ዓርብ ተከራዩ ቤቱ ይገባል። ከዚያ የት ነው የምገባው? እዚህ ካርቶንህ ላይ?»

ጎሚስታው ከደጅ ሆኖ «እማማ፣ ካርቶኑ ተይዟል፤ ዘይት ተከራይቶታል» አለ።

«አንተ ጎማህን ንፋ!»

ያን ቀን ምሳዬን ሳልጨርስ ሳህኑን ገፋሁት። እህቴ ቀና ብላ «ላንተ ያልተቻለ ነገር ለማን ይቻላል?» አለችኝ። ማድነቋ ነው አልኩ። ከሰዓት በኋላ ለሌላ ሰው መኪና ኩሽኔታ ልገዛ ሄድኩ፤ ስመለስ የገዛሁት ልኩ ያልሆነ ነበር። እንደገና ሄድኩ።

ረቡዕም ካርቶኑ ንጹሕ ሆኖ አደረ። ረቡዕም ጣቴን ነከርኩ። በዚህ ጊዜ እጄ ቀደመኝ ማለት አልችልም። ካሰብኩበት በኋላ ነው ያደረግሁት፤ አራት ላድርገው ወይስ ሁለት እያልኩ። ሁለት አደረግሁት። ከዚያ ጋራዡ ውስጥ አየር ያጠረኝ መሰለኝና ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ሻዩን ሳልጨርስ ተመለስኩ።

ካርቶኑ ንጹሕ ነበር። ጠብታዎቼ የሉም። ቀረብ ብዬ ሳየው የብስኩት ካርቶን አይደለም፤ የሳሙና ነው።

እህቴ ጎሚስታው ደጃፍ ያለው ወንበር ላይ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ካርቶኔን ማነው የነካው?»

ጎሚስታው ዓይኑን ከጎማው ሳያነሣ «እኔ ፍርድ ቤት ገብቼ አላውቅም» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች እህቴ።

ጠብታውን ራሴ እንዳኖርኩት ረሳሁ፤ ወይም አልረሳሁም፤ ብቻ ጮህኩ። «እትዬ፣ አብደሻል? ዘይት ደብቀሽ ቁልቁለት ልትወርጂ? ካርቶን ብትቀይሪ ፍሬን የቀየርሽ መሰለሽ? ገደል ስትገቢ ካርቶኑን ነው የምትይዢው?»

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰች።

«ጨረስክ?»

«አልጨረስኩም!»

«እንግዲያው ጨርስ።»

የካርቶኑን ጫፍ በእግሬ ገፋሁት።

«ትናንት ኩሽኔታ ልትገዛ ስትወጣ መጣሁ» አለች። «በዚህ ዕድሜዬ በጀርባዬ ተንጋልዬ ከሥሯ ገባሁ። መውጣት አቅቶኝ ይሄ ነው ጎትቶ ያወጣኝ።»

«በሁለቱም እግራቸው» አለ ጎሚስታው። «እግዜር ይየኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው።»

«ታምቡሩን በእጄ አሸሁት፤ ደረቅ። አክስሉ ደረቅ። የጎማው ውስጥ ደረቅ። ዘይት ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው ብለህ የነገርከኝ አንተ ነህ። ላዩ ደርቆ ካርቶኑ በምን ረጠበ? ከመሬት ፈልቆ ነው? ነዳጅ አገኘህ እንዴ?»

ጎሚስታው ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ተወው።

«ከዚያ አሰብኩ» አለች። «ንጹሕ ካርቶን ሲያይ ምን ይላል ብዬ ነው የቀየርኩት። መኪና የዳነለት መካኒክ ደስ ይለዋል። አንተ ጮህክ።»

እጄን ኪሴ ከትቼ እርሳሱን አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩት። በአንድ ወገኑ ጥቁር ቀለም አለበት።

«ምንድነው ይሄ?»

«የአክስሉ መተንፈሻ ላይ ነበር። ጋሼ የደፈነው። እሱን ሳወጣው ቆመ።»

አገላብጣ አየችው። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የምታለቅስ መሰለኝ፤ እየሳቀች ነበር። «አይ እሱ! ብርድ ይገባል ብሎ የመኝታ ቤቱን መስኮት ደፍኖ ክረምቱን ሙሉ ስንስል ከረምን። የሱ ነገር ሁሌ እንደዚህ ነው፤ ሲያሳምር ነው የሚያበላሸው።» ዓይኗን ጠረገች። «መቼ አገኘኸው?»

«ሰኞ።»

«ሰኞ» አለች። ሳቋ አለቀ።

ጎሚስታው የተለጠፈ ጎማ አንሥቶ እንደገና ሊለጥፈው ይመስል ወደ ጓሮ ሄደ።

«ለምን?» አለችኝ።

«ቁልቁለቱ እኮ...»

«ቁልቁለቱን ተወው።»

አፌ ላይ የመጣው ስለ ሳህን ነበር። ሰባ ሊደፍን የደረሰ ሰው ስለ ሳህን አያወራም።

ጠበቀችኝ። እንደማልናገር ስታውቅ ተነሣች። «በሕግህ ነገ ሦስተኛው ጠዋት ነው። ካርቶን ግን ከእንግዲህ አላምንም፤ ሁለታችንም ነካክተነዋል። ነገ ቁልቁለቱ ራሱ ይፍረድ። እኔ እነዳለሁ፤ አንተ አጠገቤ ትቀመጣለህ። መሀል መንገድ ላይ ያለው ሜዳ ስንደርስ ወርደህ ትመረምራለህ። ከዚያ አንድ ቃል ትሰጠኛለህ፤ ሂጂ ወይም ተመለሺ። ተመለሺ ካልከኝ እመለሳለሁ። ለምን ብዬ አልጠይቅህም።»

እህቴ ቃሏን አታጥፍም። ያን ነው የፈራሁት።

ያን ማታ ቁልፉን ሰጠኋት። ሐሙስ ጠዋት ስትመጣ ጎማዎቹን ለማየት ጎንበስ አልኩ፤ ባሌስትራው ወደ ታች ተለጥጧል። መኪናዋን ማታ ቤቷ ወስዳት ነበር፤ ከኋላ ከባድ ዕቃ ተጭኗል ማለት ነው። ማየቴን አየች። ክሪኬንና የቁልፍ ሣጥኔን ከእግሬ ሥር አድርጌ ገባሁ።

ቁልቁለቱ ሲጀምር ማርሽ ዝቅ አደረገች። በደንብ ነው የምትነዳው፤ ከእኔ ትሻላለች። እኔ ግን ማረፍ አልቻልኩም። አንድ እጄ በሩ ላይ፣ አንድ እጄ መቀመጫው ላይ፤ ኩርባ በመጣ ቁጥር ቀኝ እግሬ ወለሉን ይረግጣል።

«እግርህን አንሣ። እዚያ ጋ ፍሬን የለም።»

«ተሸክማለች፤ ቀስ በይ።»

«ቀስ ብዬማ ነው። ከፊታችን ያለው አህያ እየቀደመን ነው።»

አህያው የምር እየቀደመን ነበር።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ጥጉን ይዛ አቆመች። ወረድኩ። ታምቡሩ ያቃጥላል፤ ዘይት ግን አይሸትም። እንዲህ ያለ ነገር በማሽተት ብቻ አያልቅም። ከፊት ጎማ ሥር ድንጋይ አደረግሁ፤ በክሪክ አነሣኋት፤ ጎማውን ፈታሁ። ታምቡሩ እስኪበርድ ጠበቅን። ብርቱካን ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ። ከታች የሞቀ ነፋስ ይመጣል። አንዴ ቆምኩ፤ አንዴ ተቀመጥኩ፤ እሷ ድንጋዩ ላይ እንደ ተቀመጠች ቀረች። ዓይኗን ከመንገዱ አላነሣችም።

ታምቡሩን አወጣሁት። ውስጡ የሸራ ዱቄት ብቻ ነበር። ነፋሁት፤ በነነ። ጎሚኒውን ዙሪያውን በጣቴ ዳሰስኩት። ጣቴ ደረቅ ሆኖ ወጣ።

ጀርባዬን ለእሷ ሰጥቼ ነበር የተንበረከክሁት። የማየውን እሷ አታይም። «ተመለሺ» ብል አንድ ቃል ናት። ትመለሳለች። ቤት የላትም፤ እኔ ዘንድ ትገባለች፤ ምሳ ይኖራል። ልጅዋ ታች ሁለት ሕፃን ይዛ ትጠብቃለች። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ደግሜ ጣቴን አየሁት። ጣቴ ያው ደረቅ ነው።

ታምቡሩን መለስኩ፤ ጎማውን አሠርኩ፤ እያንዳንዱን ቡሎን ሁለት ሁለት ጊዜ አጠበቅሁ። ሦስተኛ ልጀምር ስል ከኋላዬ ቆማ ነበር።

«ቃሉን።»

«ሂጂ።»

«ይኸው ነው?»

«ረጅም ቃል አላውቅም።»

ትከሻዬን መታ አደረገችኝ፤ እንደ ልጅነታችን፤ ያማል። «ግባ። አብረን እንውረድ።»

«ሦስት የሰው መኪና ፈትቼ ነው የመጣሁት።»

«ስትገጥማቸው ና።»

«እመጣለሁ።»

«አሁንስ እየዋሸኸኝ ነው?»

«አላውቅም» አልኳት። እውነቱ ያ ነበር።

ክሪኩንና ሣጥኔን አወረድኩ። ሄደች።

ከሜዳው በታች መንገዱ ሰባት ጊዜ ይታጠፋል። ጫፉ ላይ ቆምኩ። አንደኛው ኩርባ ላይ የፍሬን መብራቷ በራ፤ መኪናዋ ታዘዘች፤ ዞረች። ሁለተኛው። ሦስተኛው ላይ ሽቅብ ከሚመጣ የጭነት መኪና ጋር ተላለፈች። አራተኛው።

አምስተኛው ላይ ቆመች።

በሩ ተከፈተ። ወርዳ በኋላ በኩል ዞረች። ከሩቅ የአውራ ጣት ታህላለች። የመኪናዋ ቀኝ እግር ጋ ስትደርስ ተንበረከከች። ሣጥኔን ጥዬ ቁልቁል መሮጥ ጀመርኩ፤ ሃያ እርምጃ ያህል፤ ጉልበቴ እንደዚያ ማለት ከተወ ቆይቷል። ቆምኩ። እሷ ገና እንደ ተንበረከከች ናት። ከዚያ ቀና አለች፤ እጇን ወደ ብርሃን አውጥታ አየችው። እጇን አላውለበለበችልኝም፤ ወደ እኔ አላየችም፤ የምታየው የራሷን ጣት ነው። የነገርኳትን ራሷ አጣራች። ገባች። በሩ ተዘጋ፤ ድምፁ ዘግይቶ ደረሰኝ።

ስድስተኛው ላይ መብራቷ በራ፤ ዞረች።

ሰባተኛው ከሜዳው አይታይም፤ ኮረብታ ይከልለዋል። እሱን ለማለፍ የሚወስድባትን ያህል ጊዜ ቆምኩ፤ ጥቂት ደግሞ ጨመርኩበት። ከዚያ ተመልሼ ክሪኬንና ሣጥኔን አነሣሁና ዳገቱን ጀመርኩት።